ለአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል የወረደ ዕርቅ

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰበታ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ዋርካ ሥር፣ እንግሊዝኛ ለሽምግልና ቀረበ... ጊዜው የጃንሆይ ነው። እኔም እንግሊዝኛ አስተማሪ ነህ ተብዬ ለምስክርነት ተጠርቼ ነበር።

የሥራ ባልደረባዬ ሞገስ እንግሊዝኛ ሲጽፍ ግሥና ስም አይለይም። ለ«ምክር» «አድቫይስ» ብሎ መጻፍ ሲገባው፣ ግሡን «አድቫይዝ»ን ይሰነቅረዋል። በእኛ ቋንቋ «አባቴ ጥሩ መከረ ሰጠኝ» እንደማለት ነው። ያውም በሚያምር የእጅ ጽሑፍ።

ጫልቱ የምትባል የሰባተኛ ክፍል ተማሪው ፈተና ላይ ትክክለኛውን ጻፈች። በቀይ ሰረዘባት። እሷም በክፍሉ ሁሉ ፊት መጽሐፉን ገልጣ አሳየችው። ሞገስ መጽሐፉን ማየት ትቶ ተዋረድኩ አለ።

በዚያች ቃል የተቀነሰባትን ማርክ ካላገኘች ስምንተኛ አትገባም። ካልገባች ደግሞ ትዳር ነው፤ የጠያቂዎቹ ሽማግሌዎች ደጅ መጥናት ጀምረዋል። ጭንቅ የያዛቸው አባቷ ኦቦ ቱሉ ነገሩን ለዳኝነት አቀረቡ።

ተራዬ ሲደርስ ልጅቷ ትክክል ናት አልኩ። በ«መከረ» እየመሰልኩ አስረዳሁ። ዋናው ሸምጋይ፣ ባላምባራስ ወርቁ፣ በጽሞና ሰሙኝና...

«አባትየው እንደመከረ ገብቶናል እኮ። ታዲያ ምን ያጣላል?»

ስሕተት ስለሆነ ነው ብል፣ በሐዘን አዩኝ።

«ልጄ፣ ማን ትክክል ነው ብለን አልጠራንህም። እንዴት ይታረቁ ነው ያልነው።»

ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቀኝም። ተመካከሩና፣ ጫልቱ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ እንድትጠይቅ፣ ሞገስም ምሮ ማርኩን እንዲሰጣት ወሰኑ። ኦቦ ቱሉ በኦሮምኛ አንድ ነገር ሹክ አሏት። ተሸከመች። ሞገስ የመነኩሴ ፊት አምጥቶ ይቅር ብዬሻለሁ አለ... ዓይኑ ሁሉ እንባ ቢጤ አቅርሮ ነበር።

ድንጋዩን አወረደች፣ ትከሻዋን አራገፈችና ጠየቀችው። ስምንተኛንም የሚያስተምረው እሱው ነው።

«ጋሼ፣ በሚመጣው ፈተናስ የቱን ልጻፍ?»

ሞገስ ባላምባራስን አየ። ባላምባራስ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ተነሡ።

«አልፈሽ የለ እንዴ? የአስተማሪሽን ጻፊ።»

እኛ ዘንድ ዕርቅ ያለ በዳይ አይወርድም... በዳዩ ትልቅ ሰው የሆነ እንደሆነ ደግሞ፣ ትንሽ በዳይ ይፈለግለታል።