ፓይለቱ ጫማውን ያወለቀ ዕለት

የመጋዘኑ ሠራተኛ ሁሉ «ፓይለቱ» ይለዋል። የሚያበረው ግን ጭነት ማንሻ ፎርክሊፍት ነው፤ እሱም ቢሆን ከፍ የሚለው ሹካው እንጂ ነጂው አይደለም። የፓይለቱም ቁጭት ይኸው ነበር። ቦርጩ ከመሪው ጋር እየተጋፋ፣ ሰው በሌለበት ጡሩምባ እየነፋ፣ ዓይኑ ሁልጊዜ መጋዘኑ ውስጥ በተሠራው የብረት ሰገነት ላይ ነው።

ታዲያ ሥራ አስኪያጁ ካርቶን በሰው ጫንቃ ሰገነት ላይ ሲወጣ ማየት ሰለቸውና፣ ፎርክሊፍቱ በተዳፋቱ መወጣጫ ወጥቶ እዚያው ላይ ይሥራ አለ። ፓይለቱ በሰርጉ ዕለት እንኳ እንዲህ አልፈነጠዘም። ምሰሶው ላይ ሰገነቱ የሚችለውን ክብደት የሚናገር ሰሌዳ አለ፤ ለዓመታት ጃኬቱን ሲሰቅልበት ኖሯል። ጃኬቱን ገለጥ አድርጎ አነበበ፣ የካርቶኖቹን ክብደት ደመረና «ይችላል» አለ። የሚቀመጥበትን ዝሆን የሚያህል ብረት ከሂሳብ አላስገባውም። የራሱን ገላ ግን አስገባ። ጥንቃቄ ይሉሃል ይህ ነው! ምሳውን ተወ፣ ኪሱን አራገፈ፣ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ተሳፈረ።

ከሰገነቱ ሥር ደግሞ የሚስቱ ጠረጴዛ አለ፤ የመጋዘኑ ንብረት መዝጋቢ ናት። የፊት ጎማዎቹ ሰገነቱን እንደረገጡ ብረቱ እንደ ታማሚ አቃሰተ፤ ዝገቱ ሻይዋ ውስጥ ተራገፈ። ብድግ ብላ ከሥሩ ወጣችና ቀና አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ልትሆን ነው?»

«አይዞሽ፣ ጫማዬን አውልቄያለሁ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ባሏ በምክር እንደማይወርድ ታውቃለች።

«እሰይ የኔ ጌታ፤ እንግዲያው ውረድና ወንበሬ ላይ ቁጭ በል። እኔ ልንዳው፤ ካንተ እኔ እቀላለሁ።»

ፓይለቱ ጎንበስ ብሎ ከሰገነቱ ሥር ያለውን ወንበር አየው። ከሥሩ የሚንቀጠቀጠውን ብረት አየ። እንደገና ወንበሩን አየ። ማሽኑም ክብደት እንዳለው የተገለጠለት ያን ጊዜ ነው። ላቡ ካልሲው ድረስ እየወረደ፣ ጡሩምባ መንፋቱን ረስቶ፣ በመጣበት የኋሊት ቀስ ብሎ ወረደ።

ዛሬ ፎርክሊፍቱ መሬት ላይ ቆሞ ጭነቱን እስከ ሰገነቱ ጠርዝ ያነሣል፤ ላይ ያሉት በእጅ ጋሪ ይቀበሉታል። ጃኬቱ አሁንም ሰሌዳው ላይ ነው። ፓይለቱ ለአዲስ ገቢ ሁሉ፣ አደጋውን ቀድሞ የነቃበት እሱ ራሱ እንደሆነ ይተርካል። ሚስቱ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ብላ ታዳምጠዋለች። ወሬው ሲረዝምባት ብቻ ወንበሯን ወደ እሱ ገፋ ታደርግና «ትቀመጣለህ?» ትለዋለች።