ጭስ የጠጣች ጀልባ

«ተቀመጥ፤ አትፍራ። እዚህ እንኳ አትሰምጥም» ይሉኛል አያ አሻግሬ፣ በራቸው ላይ የተጋደመችውን ሰማያዊ ሳንቃ በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ።

ሳንቃዋ በሁለት ድንጋይ ላይ የተኛች የእንግዳ መቀመጫ ናት። በዳባትና በደባርቅ መካከል ባለው በዚህ ደጋ መንደር እንዲህ ያለ ቀለም የተቀባ እንጨት ያለው ሌላ ቤት የለም። ጎኗ ላይ በነጭ ቀለም «ገብር» የሚል ይነበባል። ሳንቃዋ የተረፈችባት ጀልባ ስም «ገብርኤል» ነበር። «ኤል የሚለው ጎርጎራ ቀርቷል፤ የአንዲት ሴትዮ የዶሮ ቤት በር ሆኗል» ይላሉ፤ ይህን ሲሉ ይስቃሉ፣ ግን ሳቁ ዓይናቸው ጋ አይደርስም።

አያ አሻግሬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ገብስና ባቄላ ያረሱ፣ ከዚያም በላይ በእጃቸው የታወቁ ሰው ናቸው። ሞፈርና ቀንበር ሲጠርቡ የሚደርስባቸው አልነበረም። የጠረቡትን እንጨት ደግሞ ዝም ብለው አይሰጡም። ከምድጃቸው በላይ ሰቅለው፣ ጭስ ጠጥቶ እስኪጠቁርና እንደ ብረት እስኪጮህ ያቆዩታል። «ጭስ የጠጣ እንጨት ነቀዝ አይደፍረውም» ይላሉ። የአሻግሬን ሞፈር አባት አርሶበት ልጅ ይወርሰዋል ይባል ነበር።

መሬቱ ግን እንደ ሞፈሩ አልጸና አላቸው። ላገቡት ልጆቻቸው ቆርሰው ሲሰጡ የተረፋቸው ድንጋያማው ተረተር ሆነ። እሱንም ሁለት ክረምት በተከታታይ በረዶ መታው። በዚህ መሀል እንግዳው የሚባል የእህታቸው ልጅ ለጥምቀት ከጎርጎራ መጣ። እንግዳው ጣና ላይ በሰው ጀልባ አሳ አስጋሪ ነው።

«መረቡን የምጥል እኔ፣ የምስብ እኔ» አላቸው። «የጀልባው ድርሻ ይነሳል፣ የመረቡ ድርሻ ይነሳል፤ ለእኔ ጅራቱ ይደርሰኛል።»

«ታዲያ ጀልባ ማለት በሬ ነዋ!» አሉ አያ አሻግሬ። «በሬ የሌለው ሰውም እንዲሁ ነው፤ አርሶ አርሶ እኩሌታውን ለባለ በሬው።»

«እሱ ነው አጎቴ! የውኃ በሬ ይበሉት።»

ሚስታቸው እቴ ጤናዬ ባቄላ እየለቀሙ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ «የደጋ በሬ ገለባ ይበላል። የውኃው ምን እንደሚበላ ጠይቀኸዋል?» አሉ።

አልተጠየቀም። አያ አሻግሬ ቦራና ዳለቻ የሚሏቸውን ጥማድ በሬዎቻቸውን ለጎረቤታቸው ለላቀው ሸጡ። ላቀው ደግ ሰው ነው። «እስከ ሰኔ ገንዘቡን ካመጡ በሬዎችዎን በገዛሁበት ይወስዳሉ። ከሰኔ ካለፈ ግን እኔም አራሽ ነኝ» አላቸው። አያ አሻግሬም ሰኔን እንደ ክርስትና ስም በልባቸው ያዙት። ከሰኔ በፊት ከጀልባዋ በሬዎቻቸውን ማውጣት ነበረባቸው፤ በሬ የሌለው ገበሬ የሰው እጅ ጠባቂ ነውና።

ጎርጎራ ሲደርሱ ለአዲስ ጀልባ የጥማድ በሬ ዋጋ እንደማይበቃ ታወቀ። አሮጌ ፈለጉ። አንዷ በስብሳለች፤ አንዷ ባለቤቷ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፣ አልተስማሙም። በመጨረሻ ሰብስቤ የሚባል ሰው የሚሸጣትን ሰማያዊ ጀልባ አገኙ። አያ አሻግሬ አስገልብጠው ሆዷን በዱላ እየመቱ፣ ጆሯቸውን ለጥፈው እያዳመጡ፣ እንጨቷን እያሸተቱ ዞሯት።

«አባቴ፣ ጥርሷን ማየት ረሱ» አለ ሰብስቤ፤ በዳር ያሉት ሳቁ።

«ጥርስ ቢኖራትማ ካንተ ይልቅ እሷን አምን ነበር» አሉ አያ አሻግሬ።

ተሳስቀው ተስማሙ፤ ዋስ ተጠራ፤ ገንዘቡ ተሰጠ። ሰብስቤ ሊሄድ ሲል ተመለሰና፣ «አባቴ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። ከውኃ አውጥተው አያቆዩዋት። ጀልባ ውኃ ስትጠጣ ነው ሳንቃዋ የሚገጥመው» አላቸው።

ይህች ምክር ናት እንግዲህ ያጠፋቻቸው። የዳባት የከብት ገበያ ሰው አንድ ሕግ አለው፤ ሻጭ «አታድርግ» ያለህ ቦታ ላይ ነውሩ አለ። ይህን በሬ ዳገት አታስወጣው ካለህ፣ እግሩን እይ። አያ አሻግሬም በልባቸው፣ «ውኃ ውስጥ የደበቀው ነገር አለ» አሉ።

ጥቂት እንደሠሩ እንግዳው በወባ ወደቀ፤ ጎንደር ሐኪም ቤት ተኛ። መቅዘፍ የማያውቁት አያ አሻግሬ ከጀልባዋ ጋር ብቻቸውን ቀሩ። አንድ ቀን ከጠርዟ ላይ ቀጫጭን ቀዳዳና ነጭ ዱቄት አዩ።

«ነቀዝ!» አሉ። «ይኼን ነው የደበቀኝ።»

የነቀዝን መድኃኒት ደግሞ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። የቀን ሠራተኛ ቀጥረው ጀልባዋን ከተከራዩት ቤት ግቢ አስገቡ። በድንጋይ ላይ ደፏት። ከሥሯ የወይራ ጉቶ አቀጣጥለው፣ እርጥብ ቅጠል እየጫኑ ያጨሷት ጀመር። ሰብስቤ ሰምቶ እየሮጠ መጣ።

«አባቴ! ኧረ ምን እያደረጉ ነው? አሳው ሳይያዝ ጀልባውን ይጠብሳሉ?»

«አንተ ሸጠሃል። ገንዘብህን ይዘሃል።»

«እየገደሏት እኮ ነው! በእግዚአብሔር፣ ወደ ውኃው ይመልሷት!»

«አየህ?» አሉኝ አያ አሻግሬ ይህን ሲያወሩኝ። «እንደዚያ ሲለምነኝ፣ ነውሩ ሊገለጥበት ነው ብዬ ጉቶ ጨመርኩበት።»

እንግዳው ድኖ ሲመጣ ጀልባዋ ከውስጥ ጠቁራለች። ሲመቷት እንደ ነጋሪት ትጮኻለች። አያ አሻግሬ እንደ ሙሽራ አባት ቆመው፣ «በል፣ አሁን ነቀዝ ይንካት!» አሉት። እንግዳው ጎንበስ ብሎ ከሥሯ ገባ። ብዙ ቆየ።

«አጎቴ» አለ ከውስጥ።

«አቤት።»

«ፀሐዩ ይታየኛል።»

በሳንቃዎቹ መካከል የተጠቀጠቀው ጥጥና ሬንጅ ቀልጦ ወርዷል። ሳንቃዎቹ ራሳቸው ከምስማር እስከ ምስማር ተሰንጥቀዋል። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው አቆዩዋት። መገጣጠሚያው ጥቂት ተመለሰ፤ ስንጥቁ ግን አልተመለሰም። ጨርቅ ወተፉ፣ ሬንጅ ቀቡ። እንግዳው፣ «አናጢ ካላያት አልወጣባትም» አለ። ለአናጢ የሚሆን ገንዘብ አልነበረም፤ ፋሲካም አልፎ ነበር።

«ሰኔ ደረሰ እኮ ልጄ» አሉት አያ አሻግሬ።

እንግዳው ለአጎቱ ሲል ወጣባት። አያ አሻግሬ ከዳር ሆነው ያዩ ነበር። መረቡ ሲሳብ ቀረሶ አሳው እያንጸባረቀ ይገባል፤ ሰው እንኳ፣ «ዛሬ ለደጋው ሰውዬ ወጣለት» አለ። ከዚያ አሳው ከበዳት። ሰማያዊው ጎኗ፣ እርጥብ መሬት እንደሚገባ ማረሻ፣ ዝም ብሎ ወደ ውኃው ውስጥ ገባ። እንግዳውን በደንገል ታንኳ ያለፈ ሰው አወጣው። መረቡም አሳውም ከጀልባዋ ጋር ሄደ። በኋላ ስብርባሪዋን ማዕበል ወደ ዳር መለሰው፤ ሳንቃው ለማገዶና ለዶሮ ቤት ተሸጠ፤ አንዷን ብቻ አያ አሻግሬ ይዘዋት ወደ ደጋ ተመለሱ።

«እንግዳው ምን አለ?» አልኳቸው።

«ምንም። ልብሱን ጨመቀና ወደ መተማ፣ ወደ ሰሊጡ ሥራ ሄደ። አልደወለም። አንዲት ቃል ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

ይህን የሚያወሩኝ በሰኔ ነው። ዝናቡ ጥሏል፤ እርሻ ተጀምሯል። የእሳቸውን ተረተር በእኩል ሊያርስ የያዘው ላቀው ነው። እንደተቀመጥን እሱ በሬዎቹን እየነዳ ከላይ መጣ። ዳለቻ አለፈ። ቦራ ግን ከመንገዱ ወጣና፣ እንደ ዱሮው፣ በአጥሩ ገብቶ ከበራቸው ቆመ። አፍንጫውን ወደ አያ አሻግሬ ትከሻ አስጠጋ።

ላቀው ከመንገዱ ሆኖ ዓይኑን ወደ ሌላ አዙሮ፣ «አያ አሻግሬ፣ እስቲ ይመልሱልኝ። እዚህ ሲደርስ ለእኔ እምቢ ይለኛል» አለ።

አያ አሻግሬ ተነሡ። ግንባሩን በመዳፋቸው ገፉት። አልሄደም። «ሂድ» አሉት፤ «ቤትህ አይደለም።» አልሄደም። ዱላቸውን አነሡና ጀርባውን መቱት። ቦራ በስሕተት እንደተመታ ሁሉ ዞሮ አያቸው። ደግመው መቱት፤ ጠንከር አድርገው። ያኔ ወጣ።

ዱላውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። እቴ ጤናዬ ከቤት ወጡና ቦራ በሩ ላይ የጣለውን ትኩስ እበት በእጃቸው ሰበሰቡ።

«ይኼ እንኳ የእኛ ነው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።