ድምፅ የሌለው በር

በመኪና መሸጫው ሰው ሁሉ «ዱብ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት እጁ ነው። ደንበኛ ፊት የመኪና በር ሲዘጋ «ቻ» አይልም፤ «ዱብ» ይላል፤ ወፍራም፣ ልብ የሚያሳርፍ ድምፅ። «ብረቱን ስሙት እስቲ» ይላል፤ ደንበኛውም ሰምቶ ይገዛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቤተሰቡን ያስተዳደረው በዚያች ድምፅ ነው።

ታዲያ ፋብሪካው ውድ ውድ ሞዴሎቹን ለብቻ የሚሸጥበት «ልዩ ማሳያ» የሚባል ነገር አመጣና ከዚያው አዳራሽ ጎን በመስታወት ግድግዳ ተለይቶ ተከፈተ። ወዲያ ምንጣፍ፣ ወዲህ ሴራሚክ። ወዲያ ሦስት ሞዴል ብቻ፣ እያንዳንዱ የራሱ መብራት በርቶለት፤ ወዲህ አሥራ አንድ ሞዴል ተጠጋግቶ። ሞተራቸው እንኳ አንድ ነው፤ የሚለያቸው ስምና ወንበር ነው። ለዚያ ማሳያ ማን ተመረጠ? የዱብ ዋርሳ፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም! መኪና መሸጥን ሀ ብሎ ያስተማረው ራሱ ዱብ ነው፤ ከረባት ማሰር ሳይቀር።

ቅናት አንጀቱን በላው። ወንበሩን አዙሮ ለመስታወቱ ጀርባውን ሰጠ፤ ግን ፊት ለፊቱ በቆመችው ጥቁር መኪና አብረቅራቂ ቀለም ላይ ዋርሳው ቁልፍ በሁለት እጁ ሲያቀብል ወለል ብሎ ይታየዋል። የልጁ ሱፍ ያቃጥለዋል፤ ሳቁ የባሰ ያቃጥለዋል። ማታ ሚስቱ «ወንድሜ እኮ» ብላ ስትጀምር ሬዲዮ ከፍ ያደርጋል።

«ምነው፣ ደስ አላለህም?» አለችው አንድ ቀን።

«ኧረ ደስ ብሎኛል» አለ፣ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቱን አጨማዶ።

ከዚያ ልዩ ማሳያው ሁለተኛ ሻጭ ፈለገ። ሥራ አስኪያጁ ዱብን ጠርተው «ሐሙስ አንድ ደንበኛ ይዘህ ግባና እንይህ» አሉት። ይህ ካመለጠው ጡረታ እስኪወጣ ከሴራሚኩ ላይ ንቅንቅ እንደማይል ያውቃል።

እሑድ ምሳ ላይ ዋርሳው ጠጋ አለው። «ጋሼ፣ የዚያኞቹን መኪኖች በር እንዳትገፋው። ገርበብ አድርገህ ተወው፤ ራሱ ስቦ ይዘጋል። እዛ ቤት ድምፅ ነውር ነው።»

የዱብ ደም ፈላ። «በር መዝጋት አንተ ልታስተምረኝ?» አለ። በልቡ ደግሞ፣ ይሄ ልጅ ሊያሰናክለኝ ነው፣ በር ክፍት ትቼ ስሄድ ሊሳቅብኝ ነው አለ።

ሐሙስ ጠዋት የድሮ ደንበኛውን፣ የጥርስ ሐኪሟን ይዞ ምንጣፉን ረገጠ። አፉ ማር ሆነ። ሐኪሟ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ መሪውን ዳሰሰች፣ ወደደችው። ወርዳ ስትቆም ዱብ በሩን ያዘና ቀና አለ። ዋርሳው ወዲያ ቆሞ በእጁ ቀስ፣ ቀስ ይለዋል። ይህቺ ምክር ሰው ፊት መሆኗ አበገነው። እጁ የለመደውን አደረገ።

ዱብ!

በዚያ ጸጥታ አዳራሹ ተናወጠ። በሩ ውስጥ አንድ ቀጭን ነገር «ቀጭ» አለ፤ ሲሞክሩት አልከፈት አለ። ሥራ አስኪያጁ ከቢሯቸው ብቅ አሉ።

«ማነው እሱ?»

ዱብ እጁን ከበሩ ላይ አነሳ።

«እኔ ነኝ፣ ይቅርታ» አለ ዋርሳው። «ላሳያቸው ብዬ ነው።»

ሐኪሟ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ያንኑ ሞዴል በሌላ ቀለም መርጣ ፈረመች። ሥራ አስኪያጁ ዋርሳውን ሰው ፊት ገሠጹት፤ ዱብን ግን ጨብጠው «ከሰኞ ጀምሮ እዚህ ነህ» አሉት።

ሰኞ ዱብ በአዲስ ሱፍ ምንጣፉ ላይ ቆመ። የተመኘው ሁሉ ሞላለት። ዋርሳው እንደ ወትሮው «እንደምን አደርክ ጋሼ» አለው፤ ስለ በሩ ትንፍሽ አላለም። ዱብ አሁንም በልጁ ቀና። በሱፉም፣ በምንጣፉም አልነበረም፤ በዚያች «እኔ ነኝ» በምትለው ቃል ነው። ቃሏ የራሱ ነበረች፤ ልጁ ቀድሞ ወሰደበት።