አትክልተኛው ባሌና ጥፋተኛው ቁጥቋጦ

ባሌ ለሠላሳ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት አትክልተኛ ሆኖ ሲሠራ ከማንም ጋር ክፉ ተነጋግሮ አያውቅም። ሠራተኞቹ "ዝምተኛው" ይሉታል። ምላሴ አላርፍ የሚለኝ እኔ ነኝ።

ከግቢው በር እስከ ቢሮው ደጃፍ ድረስ በረድፍ ከዘር ያበቀለው ቁጥቋጦ ነበረው። የሰንሰልና የኮሸሽላ ዘመድ ነው ይላል። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ጠዋት ይፈካል፣ ማታ ይረግፋል። እሱም የዕለቱን አበባ ለማየት ቁርሱን ሳይጨርስ ይወጣል። እኔ አዲስ ቀሚስ ብለብስ ግን ልብ ብሎ አያውቅም።

የዚህ ተክል ጉዱ ፍሬው ነው። የደረቀው ፍሬ ውሃ ሲነካው ጧ ብሎ ይፈነዳና ዘሩን ያስፈነጥራል።

አንድ ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ቁጥቋጦው አጠገብ አቁሞ ስለ ሥነ ሥርዓት ሲደሰኩር ካፊያ ጀመረ። ጧ አለና አንድ ዘር ግንባሩን መታው። "ማነው የወረወረው?" ሊል አፉን ሲከፍት ሁለተኛው እዚያው ገባለት።

ወዲያው አምስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የሠራተኛው ኪስ ተፈተሸ። ማን ሩቅ መወርወር እንደሚችል ለማወቅ የሁሉም ክንድ በሜትር ተለካ፤ እጁ ተሰብሮ በጀሶ የታሰረው ሾፌር እንኳ አልቀረለትም። በሳምንቱ አንዱ ብልህ "ለመሆኑ ዘር የማን የሥራ ድርሻ ነው?" አለና ባሌ ተጠራ።

"ቁጥቋጦው ነው" ቢላቸው እንደሚያስነቅሉት ያውቃል። "እኔ ነኝ" አላቸው። ጡረታ ሊወጣ ሰባት ወር ሲቀረው አባረሩት።

"አንተ ሰውዬ፣ ጡረታህን ለቅጠል ብለህ ጣልከው?" አልኩት።

"እኔ ሌላ ቦታ እሄዳለሁ፤ እሱ የት ይሄዳል?" አለኝ።

በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ማን ሊቀጥረው! በማግስቱ ሳልነግረው ሄድኩ፤ ግቢ ስገባ አንድ እፍኝ ደረቅ ፍሬ ሸምጥጬ ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። የሰብሳቢውን የመጠጥ ውሃ አንስቼ አፈሰስኩበት። ጧ፣ ጧ፣ ጧ ሲል አምስቱም ጠረጴዛ ሥር ገቡ።

"ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ሚስትየዋም ግብረ አበር ናት" አለ ሰብሳቢው ከሥር ሆኖ።

"እጄን እዩት፤ ብርጭቆ ነው የያዝኩት" አልኩና የቀረውን ውሃ ደገምኩላቸው።

ድምፅ ተሰጠ። ሦስት ለሁለት ቁጥቋጦው ጥፋተኛ ሆነ። ለባሌ ብለው በሰጡኝ ደብዳቤ ላይ "ተከሳሹ ተክል የመከላከያ ቃሉን እንዲሰጥ ተጠይቆ ዝምታን መርጧል" ብለው ጻፉ። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው "ወደ ሥራቸው ይመለሱ" የሚለው ላይ ብቻ ነው። እየሮጥኩ ወሰድኩለት።

እሱ ግን እስከ መጨረሻው አነበበው። መጨረሻው ላይ "በተመለሱበት ዕለት ጥፋተኛውን ከነሥሩ እንዲነቅሉ" ይላል።

ሄዶ ነቀለው። ቀኑን ሙሉ ፈጀበት። አመሻሽ ላይ መጥቶ ጥፍሩ ውስጥ የገባውን አፈር ቀስ ብሎ ታጠበ።

"ተቀየምከኝ?" አልኩት።

"አይ፣ ለእኔ ብለሽ አይደል" አለኝ፤ ፎጣውንም ራሱ አጥፎ ሰቀለው።

ምነው በሰደበኝ።