አልነሳ ያለው ዲስክ እና የደሳለኝ ፎቶ

ባለፈው ቅዳሜ... ላሊበላ ሱቄ ውስጥ ኮምፒውተር ስጠግን፣ ፎቶ አንሺው ሞገስ አንዲት እናት አስከትሎ ገባ። ከሙጃ ነው የመጡት። ጥቁር ለብሰዋል።

«ልጃቸው ደሳለኝ መኪና ተገልብጦበት አረፈ» አለኝ ሞገስ ቀስ ብሎ። «ስልኩም እዚያው ጠፋ። ያለው ፎቶ አምና እኔ ጋ ለፓስፖርት የተነሳው ብቻ ነው።»

የሞገስ አሮጌ ሰርቨር፣ ፎቶዎቹን የሚያከማችበት ኮምፒውተር፣ ሊበላሽ ሲል ዲስኩን እንዳለ ወደ አንድ ፋይል፣ ቨርቹዋል ዲስክ ወደሚባለው፣ ገልብጬለት ነበር። ችግሩ... ፎቶዎቹ የሚከፈቱት ያ አሮጌ ሲስተም ራሱ ሲነሳ ብቻ ነው። አዲሱ ሰርቨሬ ላይ ደግሞ አልነሳ ብሎኛል።

«የኔ ልጅ፣ ታወጪልኛለሽ?» አሉኝ እናቱ። «ለአርባው ሰው አይቶት ያልቅስ ብዬ ነው።»

«እሞክራለሁ እማማ።»

ጥቁር ስክሪን... የሚነሳ ዲስክ የለም ይላል። አሮጌው የሚነሳበት መንገድ ሌላ፣ አዲሱ ሰርቨር የሚያውቀው ሌላ። የዲስኩን አከፋፈል ቀየርኩ። የማስነሻ ፋይሎቹን እንደ አዲስ ጻፍኩለት። እምቢ። እሳቸው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸው ለጸሎት ይንቀሳቀሳል። ምሳ ሰዓት አለፈ። የጎደለውን ድራይቨር፣ ዲስኩን ከሰርቨሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ጨመርኩለት...

«ተነሳ!» ብዬ ጮህኩ።

እናትየው ደንግጠው ብድግ አሉ። ምን እንዳልኩ የገባኝ ያኔ ነው።

ሞገስ የደሳለኝን ስም ጻፈ። ፎቶው ወጣ። እናትየው ስክሪኑን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው ቀረብ ብለው አዩት።

«እሱ ነው» አሉ። «ግን ምነው እንዲህ ተኮሳተረ? የኔ ልጅ እኮ ቤት ሲገባ ጥርሱ ነው የሚቀድመው...»

ሞገስ አንገቱን ደፋ።

«እኔ ነኝ እማማ። መጀመሪያ ሳነሳው ስቆ ነበር። ‹አትሳቅ፣ አይቀበሉህም› አልኩት። የሳቀበትን አጠፋሁት።»

ወዲያው የጠፉ ፋይሎችን መፈለግ ጀመርኩ። የለም። ደግሜ ሞከርኩ... የለም።

እናትየው የሞገስን ትከሻ ያዝ አደረጉት። «ምን ታደርግ ልጄ፣ ሥራህ ነው።»

የተኮሳተረውን አተምንላቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ደረታቸው ላይ አስጠጉት። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉና «ግድ የለም» አሉን፣ «ሳቁን እኔ በአፌ እነግራቸዋለሁ።»

ያንን ዲስክ አላጠፋሁትም... ሥራ ሲቀዘቅዝ አስነስቼው የሳቀበትን አሁንም እፈልጋለሁ።