ይውጡልኝ

የረጠበ የበግ ጠጉር ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ሆዴ ይባባል። ትናንት ዝናብ ያባረራቸው የጎረቤቴ በጎች ከጣራዬ ሥር ቢጠለሉ በሩን ከፍቼ ያንን ሽታ ስምግ ቆየሁ። ባለቤቴ «ምን ነካሽ?» ቢለኝ ምን ብዬ ልንገረው?

ንፋስ መውጫ ከተማ ተማሪ ሳለሁ በቴአትር ክበባችን ጢም የምንሠራው ከበግ ጠጉር ነበር። አዘጋጃችን ወጣት መምህር፣ በአቅራቢያችን ያለችው የቤተ ልሔም ደብር መሪጌታ ልጅ ነበር። አባቱ ቴአትርን ከአዝማሪነት አይለዩትም። ባሕር ዳር ያለ የቴአትር ቡድን አዘጋጅ ሊያደርገው ቢጠራውም «አባቴ ሳይመርቁኝ አልሄድም» ብሎ ቀረ። ያለ ምርቃት የወጣ ሰው መንገድ አይቀናውማ። ሥራውን አይተው እንዲመርቁት ሽማግሌ ቢልክ ቢልክ፣ በስንት ልመና እሺ አሉ።

ተውኔቱ ውስጥ ተናዶ አባቱን ከቤት የሚያባርር ልጅ አለ። እኔ የልጁ ሚስት ነኝ። አባት ሆነው የሚጫወቱት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ስለነበሩ ልጁን የሚጫወተው ጓደኛችን እሳቸውን «ውጣልኝ» ማለት አፉ እንቢ አለው። አዘጋጁ «መድረክ ላይ አንቱ የለም!» እያለ ይጮህበት ነበር።

የትዕይንቱ ዕለት ጓደኛችን ድምፁ ተዘግቶ ቀረና አዘጋጁ ራሱ ተተካ። መሪጌታው ከፊት ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ኮስተር ብለው ነበር፤ በኋላ ግን ዘበኛው ሲያስቁ ጥምጥማቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። እኔም በልቤ «ተመረቀ!» አልኩ።

ማባረሪያው ደረሰ። አዘጋጁ ክንዱን አነሣ፤ ዓይኑ ግን ዘበኛው ላይ ሳይሆን ከፊት ከተቀመጡት አባቱ ላይ ዐረፈ።

«አባቴ፣ ከቤቴ ይውጡልኝ!»

መሪጌታው መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። «ውጣ» ቢል ጨዋታ መሆኑን ባወቁ ነበር። በሕይወቱ አንተ ብሏቸው የማያውቅ ልጅ «ይውጡ» ሲላቸው ግን ለሌላ ነው ይበሉ? ወጡ።

አዘጋጁ የበግ ጠጉር ጢሙን እንደለጠፈ በዝናብ ሮጦ ደረሰባቸው፤ እኔም ተከተልኩ።

«ጨዋታ ነው አባ!»

«ቤትህ መሆኑን አላወቅሁም ነበር፤ ይኸው ወጣሁልህ» አሉትና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲያ የላከውን ሽማግሌ ሁሉ መለሱበት። ሳይመረቅ ባሕር ዳር ሄደ። ስሙ በሬዲዮ እስኪጠራ ድረስ ሠራ፤ አገሩን ግን ዳግመኛ አልረገጠም። ሁለቱም ያናድዱኛል። በአንድ ቃል እኮ ነው!

ከዓመታት በኋላ መሪጌታው ታመሙና ከእናቴ ጋር ልጠይቃቸው ሄድኩ። ትኩር ብለው አዩኝ።

«አንቺ ሚስትየዋ አይደለሽም?»

«ነኝ አባ።»

«ያ ልጅ አባቱን ካስወጣ ወዲያ እንዴት ሆነ?»

«ተጸጸተ። ፈልጎ አገኛቸውና እግራቸው ላይ ወድቆ ወደ ቤታቸው መለሳቸው።»

ጣራ ጣራውን አዩ። በኋላ «ጎሽ፣ የኔ ልጅ» አሉ።

ልጃቸው የደረሰው ለቀብር ነው። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ ይህንኑ ነገርኩት።

«እንዴት አድርገው አሉ?» አለኝ።

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ» አልኩት።

ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀ። «እንደሱ አይደለም፤ እሳቸው ሲናገሩ ቀስ ብለው ነው። እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩለት።