ሰም የጠጣው ወንበር

ነቀምቴ ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ ለስድስት ዓመት ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራውን የለቀቅሁት ከማንም ተጣልቼ አይደለም። አንገታቸው የማይጸና፣ ወገባቸው የማይቆም ልጆች በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው ይመጡ ነበር፤ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ሳይቀር ይታዘላል። እጅ እግራቸውን ግማሽ ሰዓት ያህል አፍታትቼ መልሼ አሳዝላቸዋለሁ። ቤት ሲደርሱ አልጋ ላይ ይጋደማሉ። ደግፎ የሚይዛቸው ወንበር ቢያገኙ ቁጭ ብለው መዋል እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ ወንበሩ ግን የለም።

አዲስ አበባ ለሥልጠና በሄድኩበት ጊዜ አንዲት ባለሙያ ከተጣለ ካርቶንና ከዱቄት ሙጫ እንዲህ ያለ ወንበር ስትሠራ አየሁ። ካርቶኑ ተደራርቦ፣ ተጣብቆ ሲደርቅ እንደ ጣውላ ይጠነክራል። ስመለስ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ላይ ሱቅ ከፍቶ ያረጀ ሰው ነው።

"ካርቶን ነው የቸገረሽ?" አለና ሳቀ። "የሳሙናውንም የብስኩቱንም ውሰጂ።"

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወንበሮች በእሱ መጋዘን ሠራሁ። ሁለቱንም አይጥ በላቸው። የዱቄት ሙጫ ለአይጥ ድግስ መሆኑን ያሠለጠነችኝ ሴት አልነገረችኝም ነበር።

ስለ "ቤቱ" የሰማሁት በዚያ ሰሞን ነው። ቤቱ እያልን የምንጠራው ድሮ የቡና መጋዘን የነበረ ሰፊ አዳራሽ ነው። አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር አድሶ፣ ለሰው ችግር መላ ይዘው ለተነሱ ሰዎች የጋራ የሥራ ቦታ አደረገው። ጠረጴዛ አለው፣ ኢንተርኔት አለው፣ ከጓሮ ደግሞ የመጋዝና የመዶሻ ክፍል አለው። ኃላፊዋ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናቸው። በኦሮምኛ ለተከበረች ሴት እንደሚባለው ሁላችንም "አዴ" እንላቸዋለን።

የመጀመሪያ ቀን አሥር ገጽ ዕቅድ ይዤ ፊታቸው ቀረብኩ። ሳያነቡት ጠረጴዛው ላይ ደፉት።

"ወንበሩ ለማን ነው?" አሉኝ።

"አካል ጉዳት ላለባቸው ሕፃናት።"

"ለየትኛው ልጅ? ስሙን ታውቂያለሽ?"

አውቅ ነበር። አኖ ከተማ ስለምትኖር አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ነገርኳቸው። እናቷ በየሁለት ሳምንቱ አዝላት በሚኒባስ እንደምትመጣ፣ ሰው ሲያወራ የልጅቷ ዓይን ከአንዱ ወደ አንዱ እንደሚዞር። አይጥ ስለበላቸው ወንበሮችም ሳይቀር ነገርኳቸው፤ እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

"ሃ ታኡ፣ ይሁን" አሉ። "ጠረጴዛሽ ከማር ሰውዬው አጠገብ ነው። አይጡን አትፍሪ፣ ድመት አለችን።"

የማር ሰውዬው የምንለው የሲሬ ንብ አናቢዎችን በማኅበር ያደራጀ ጎልማሳ ነው። ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር። ሲሠራ መዝሙር ያንጎራጉራል፤ ያውም ቀኑን ሙሉ አንዱኑ መዝሙር። መጀመሪያ ላይ ጆሮዬን እስክይዝ ድረስ ሰልችቶኝ ነበር።

ወንበሩ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ግንቦት ላይ አኖ ድረስ ወሰድኩት። ልጅቷን ልክክ አላት። እንደ ሠርገኛ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ጠዋት እናትየዋ የቤቱ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ልጇን ለእህቷ ትታ፣ ወንበሩን በነጠላ አዝላው መጥታለች። ጣሪያቸው ያፈስ ኖሯል። መቀመጫው እንደ ሊጥ ለስልሷል፣ አንዱ እግሩም ተጣሟል።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለችኝ በኦሮምኛ። "ከዝናብ ማራቅ ነበረብኝ።"

ከሁሉ በላይ ያሳፈረኝ ይህ አነጋገሯ ነው። ዝናቡ ግማሽ ዓመት በማይለቀን አገር ውሃ የማይችል ወንበር የሰጠኋት እኔ ነኝ። እሷን ሸኝቼ ወንበሩን ጓሮ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈንኩት። ከዚያ ቁጭ ብዬ ክሊኒኩ መልሶ እንዲቀጥረኝ ማመልከቻ መጻፍ ጀመርኩ።

አዴ ከኋላዬ መጥተው አነበቡት። ቁጣ ያውቁበታል፤ ከመካከላችን ያላስለቀሱት ሰው ጥቂት ነው። ያን ዕለት ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ነገ ማክሰኞ ነው" አሉ።

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ከቦ ይቀመጣል። ተረኛው ያቃተውን ነገር ያቀርባል፤ ሌላው ይመክራል። የተሳካለትን ማውራት በዚያ ሰዓት ክልክል ነው። ደንቡን ያወጡት እሳቸው ናቸው።

"አዴ፣ እባክዎ የኔ ይለፈኝ።"

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ" አሉኝ፣ "ትምህርት ቤት ስመራ የወደቀበትን የፈተና ወረቀት የሚደብቅ ልጅ ብዙ አይቻለሁ። የተደበቀ ወረቀት ማን ያርመዋል?"

በማግስቱ የተጣመመውን ወንበር ሰው ፊት አቆምኩት። አንዱ ቀለም ቀቢው አለኝ። ልጅቷ የፊት ጠርዙን ታኝካለች አልኩ። ሌላዋ ላስቲክ አልብሺው አለች። ያልባታል፣ ይቀደዳልም አልኩ። የማር ሰውዬው ተነሳና የለሰለሰውን ቦታ በጣቱ ጫን ጫን አደረገው።

"ልጅቷ ማር ትበላለች?"

ሁሉም ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም። "ማር ከበላች ሰምም አይጎዳትም። እኛ ማሩን ስናጣራ ሰሙ ይተርፈናል። ሰም ውሃ አያሳልፍም።"

ነገሩ እንደ ወሬው አልቀለለም። አቅልጠን ስንቀባው ላዩ ላይ ረግቶ እንደ ቅርፊት ተላጠ። አወፈርነው፤ ባሰበት። ሳምንት ሙሉ ከሞከርን በኋላ አዴ ከቤታቸው የእናታቸውን የከሰል ካውያ በፌስታል ይዘው መጡ። "መጀመሪያ ካርቶኑን አሙቁት። የበረደው ነገር እንዴት ይጠጣል?" አሉ። እውነትም በካውያ እያሞቅን ስናፈስበት ሰሙ ወደ ውስጥ ሰረገ፣ የካርቶኑም መልክ ወደ ቡኒ ዞረ። ጣቴ ሁለት ቦታ ተቃጠለ። የዚያን ቀን እኔም ከማር ሰውዬው ጋር ያን መዝሙር ሳንጎራጉር ራሴን ያዝኩት።

አዲሱን ወንበር ከአሸንዳው ሥር አውጥተን ሦስት ቀን አዘነብንበት። በአራተኛው ቀን አዴ መቀመጫውን ዳሰሱት፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ትንሿ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። "ዝም በሉ" አሉ፣ "ልጅቷ እስክትቀመጥበት ድረስ ምንም አልሠራችሁም።"

እኔ፣ አዴና የማር ሰውዬው ሦስታችንም አኖ ሄድን። እናቷ ልጅቷን ራሷ አስቀመጠቻት፣ ማሰሪያውንም ራሷ አሰረች። ከዚያ እጇን የምታደርግበት ጠፋት። ወገቧን ያዘች፣ ለቀቀች፣ አገጯን ነካች። ስድስት ዓመት ሙሉ ልጅ ይዘው የኖሩ እጆች ናቸው። ወደ ደጅ ወጣችና ወዲያው ተመልሳ አየቻት። ደግማ ወጣች፣ ተመለሰች። የልጅቷ ዓይን እየተከተላት ነው። በሦስተኛው ልጅቷ ጨዋታ መሰላትና ከት ብላ ሳቀች።

ቤቱ ማንንም ከሁለት ዓመት በላይ አያቆይም። ተራዬ ደርሶ ውጪ ስባል ከፋኝ፤ ለአዴም ነገርኳቸው። "ጠረጴዛሽን የምትጠብቅ ነርስ በር ላይ ቆማለች" አሉኝ። ይህን ይበሉ እንጂ፣ ኡኬ ከተማ ላይ የመሥሪያ ክፍል ስፈልግ አብረውኝ የዞሩት እሳቸው ናቸው። ባለቤቱን ቆመው ተከራክረው ሁለተኛ መስኮት አስከፈቱልኝ፤ ካርቶን ያለ ነፋስ አይደርቅማ። ያን ጊዜ ቅሬታዬ ለቀቀኝ።

አሁን ከእኔ ጋር ሁለት ሴቶች ይሠራሉ፤ ሁለቱም እንዲህ ያለ ልጅ ያላቸው እናቶች ናቸው። ሰሙ ከሲሬ ይመጣልናል። የአኖዋ ልጅ ትምህርት ቤት ገብታለች። አስተማሪዋ ባለፈው ደውሎልኝ፣ ልጆቹ እሷ አጠገብ ለመቀመጥ ስለሚጣሉ ተራ እንዳወጣላቸው ነገረኝ።